ከባድ የኢንዱስትሪ ፓምፖችን ሲጠግኑና ሲያጓጉዙ ስለሚደረግ ጥንቃቄ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር እስከ ደጀን በከተማ ውኃ አገልግሎቶች፣ በፋብሪካዎችና በመስኖ እርሻዎች ፓምፕ የሚፈቱ፣ የሚገጥሙና የሚጭኑ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል።

ፓምፕ ለመጠገን ሲታሰብ ከሁሉ በፊት የሚደረገው ምንድን ነው?

ፓምፑ ቆሟል ማለት አደጋው አልፏል ማለት አይደለም። በቆመ ፓምፕ ዙሪያ አራት ነገሮች አሉ፦ እስከ ሞተሩ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ፣ በቱቦው ውስጥ የታመቀው ግፊት፣ ሊሽከረከር የሚችለው ዘንግ እና የብረቱ ክብደት። ሥራው የሚጀመረው እነዚህ አራቱ አንድ በአንድ ከተያዙ በኋላ ነው። ኤሌክትሪኩ ይቋረጥና ይቆለፋል፤ የመሳቢያውና የመግፊያው ቫልቮች ይዘጋሉ፤ ግፊቱ በማፍሰሻው በኩል ይለቀቃል፤ ዘንጉ መቆሙ በዓይን ይረጋገጣል፤ የሚነሣው ክፍል ምን ያህል እንደሚመዝን ይታወቃል።

ቅደም ተከተሉም ትርጉም አለው። ቫልቭ ለመዝጋት የተጣደፈ ሰው ሞተሩን ሳያጠፋ ሁለቱንም ቫልቮች ቢዘጋ ከቀድሞው የባሰ አደጋ ይፈጥራል፤ ስለዚህ ጉዳይ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ተብራርቷል።

ምን መልበስ ያስፈልጋል?

ብረት ጫፍ ያለው ጫማ፣ የራስ ቁር፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ የሚሽከረከር ዘንግ አጠገብ ግን ጓንት ይወልቃል፣ ክሩ ተይዞ እጅን ይዞ ስለሚገባ። በደብረ ማርቆስና በዳንግላ ብርድ ጋቢ ለብሶ ፓምፕ ቤት መግባት የተለመደ ነው። ሆኖም መሸፈኛ በሌለው ኮፕሊንግ (የሞተሩንና የፓምፑን ዘንግ በሚያያይዘው ክፍል) አጠገብ ጋቢም ነጠላም፣ የተንጠለጠለ የአንገት ልብስም መግባት የለበትም፤ ቀለበትና ሰዓትም ይወልቃሉ። የሌሊት ጥበቃው ወይም ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሊያይ ብቅ ሲል ጋቢውን ደጅ ላይ የሚሰቅልበት ሚስማር ቢኖር በትንሽ ወጪ ትልቅ አደጋ ይከላከላል።

መብራት በጠፋበት ሰዓት ፓምፑን መፍታት ይቻላል ወይ?

አይቻልም፤ ይህ በአካባቢያችን ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ በጣም የሚያሳስበው ነው። መብራት ሲጠፋ «አሁን ጊዜ አገኘን» ብሎ ካቻቢቴና መፍቻ ይዞ መግባት የተለመደ ቢሆንም፣ የጠፋ መብራት መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። ማብሪያው ባለበት ቀርቶ መስመሩ ሲመለስ፣ በተለይ ፓምፑ በተንሳፋፊ ማብሪያ ወይም በግፊት ማብሪያ የሚነሣ ከሆነ፣ ማንም ሳይነካው ሞተሩ ይነሣል። ጀነሬተር ባለበት ጣቢያ ደግሞ መብራት መጥፋቱ ራሱ ጀነሬተሩን በራሱ ጊዜ የሚያስነሣው ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ከመስመሩ የሚመጣውም ከጀነሬተሩ የሚመጣውም መንገድ መዘጋት አለበት።

ብሬከሩን ማውረድ ካልበቃ፣ ምን ይጨመር?

ጓጉንቸር። ዋናው ማብሪያ ከወረደ በኋላ ሌላ ሰው እንዳያነሣው በቁልፍ ይዘጋል፣ «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍም ስምና ሰዓት ተጽፎበት ይንጠለጠላል። ቁልፉ የሚቀመጠው በጥበቃው ወይም በኃላፊው ጠረጴዛ ሳይሆን ፓምፑን በሚፈታው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሦስት ሰዎች የሚሠሩ ከሆነ ሦስት ጓጉንቸር ይገባል፤ ሦስቱም ካልተፈቱ ማብሪያው አይነሣም። አንዱ ለምሳ ከወጣ ቁልፉ አብሮት ይሄዳል። ይህ አንዳንዴ ሥራ ያዘገያል፤ የሚዘገየው ግን ሰዓት ብቻ ነው።

ከዚያ በቴስተር ይፈተሻል። ባለ ሦስት ፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚሸከሙ ሦስት ሽቦዎች ያሉት) የሆነው መስመር ቮልቴጅ በፌዞቹ መካከል 380 ቮልት ገደማ በመሆኑ ሦስቱም ፌዞች እርስ በርሳቸውም ከመሬት ጋርም ይለካሉ። አንድ ፊውዝ ብቻ ተቃጥሎ ሞተሩ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ፌዞች ሕያው ናቸው። ቴስተሩ ራሱ መሥራቱም ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ላይ ከመለካቱ በፊትና በኋላ ይረጋገጣል፣ ባትሪው የደከመ ቴስተር ሁልጊዜ «የለም» ስለሚል።

ፍላንጁን (በቡሎን የሚታሰረውን የቱቦ መጋጠሚያ) ስፈታ ውኃው በኃይል ቢወጣስ?

የከተማ ውኃ ማጠራቀሚያዎች ብዙውን ጊዜ ጉብታ ላይ ይሠራሉ። ከፓምፑ 100 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ማጠራቀሚያ ፓምፑ ቢቆምም በመግፊያው ቱቦ ላይ 10 ባር ገደማ ግፊት ያሳርፋል። ውስጡ 150 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ጫፍ ላይ ይህ ግፊት ከ1 ቶን ተኩል በላይ በሚሆን ጉልበት ይገፋል ማለት ነው። ውኃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ ይይዘዋል ብሎ መተማመን አይገባም፤ በደለል ምክንያት በደንብ የማይዘጋ ቼክ ቫልቭ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ቫልቮቹ ከተዘጉ በኋላ የፓምፑ የማፍሰሻ ቡሎንና የአየር መልቀቂያው ቀስ ብለው ይከፈታሉ። የግፊት መለኪያው ዜሮ ማሳየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ቱቦው በደለል የተደፈነ መለኪያም ዜሮ ያሳያል። የፍላንጁ ዳዶዎች በአንድ ጊዜ አይወጡም። ከሠራተኛው በተቃራኒ ያሉት በመጀመሪያ ጥቂት ዙር ብቻ ይላላሉ፤ የቀረ ግፊት ካለ በዚያ በኩል ይተነፍሳል። ፊትንም ከመጋጠሚያው ትይዩ አለማድረግ ነው።

በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኮስቲክ ሶዳ (ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ኬሚካል) የሚገፋ ፓምፕ ሲሆን ጉዳዩ ከውኃ የተለየ ነው። ፓምፑ ከፈሰሰም በኋላ በሆዱ ሥር የሚቀር ሶዳ አለና በብዙ ውኃ ታጥቦ ይፈታል። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ውኃው በአጠገብ መኖር አለበት።

የማነሣውን ነገር ክብደት እንዴት ላውቅ እችላለሁ?

በፓምፑና በሞተሩ ታርጋ ላይ ወይም በመመሪያው ላይ ይገኛል። ታርጋው ከተላጠ መገመት ሳይሆን ማስላት ነው፦ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ብረት ከ7 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል። የ75 ኪሎ ዋት ሞተር የብረት አካል ያለው ከሆነ ብቻውን ግማሽ ቶን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ነው። በፓምፑ ሆድ ውስጥ የቀረ ውኃ በሊትር 1 ኪሎ ይጨመራል፤ ከሥር ያለው የብረት መቀመጫም አይረሳ። በእጅ ለሚነሣ ነገር ደግሞ ለአንድ ጤነኛ ሰው 25 ኪሎ ግራም ያህል ምክንያታዊ ገደብ ነው፤ «አራት ጎረምሳ ያነሣዋል» በሚል ስሌት 200 ኪሎ ኢምፔለር (በፓምፑ ሆድ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃውን የሚገፋው ክፍል) እና ዘንግ ማንቀሳቀስ ወገብም ጣትም ያስከፍላል።

ሞተሩ አናት ላይ ባለው ቀለበት ሙሉውን ፓምፕ ማንሳት ይቻላል?

አይቻልም። ያ ባለ ቀለበት ቡሎን የተሠራው ለሞተሩ ለራሱ ክብደት ብቻ ነው፤ ፓምፑም መቀመጫውም ሲጨመሩ ቡሎኑ ሊበጠስ ወይም ጥርሱ ሊላጥ ይችላል። ሙሉው አንድ ላይ የሚነሣ ከሆነ ማሰሪያው ከብረት መቀመጫው በታች ወይም አምራቹ ባዘጋጃቸው ቀዳዳዎች በኩል ይታሰራል። በብዙ ፓምፖች ላይ የክብደቱ መካከል ወደ ሞተሩ ያደላ ነው፤ ስለዚህ መንጠቆው ርዝመቱን በሁለት ከፍሎ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ ይውላል።

የማሰሪያው ማዕዘን ብዙዎች የማይገምቱት ነገር ነው። 1 ቶን የሚመዝን ፓምፕ በሁለት ማሰሪያ ሲነሣ እያንዳንዱ ከአግድም 60 ዲግሪ ሆኖ ከቆመ 580 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፤ 45 ዲግሪ ሲሆን 710 ኪሎ፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ እያንዳንዱ ማሰሪያ ሙሉውን 1 ቶን ይሸከማል። ገመድ አጠረ ተብሎ ማሰሪያው በጣም ሲዘረጋ፣ በቂ የነበረው ሰንሰለት በቂ አይሆንም።

ሸክሙ መጀመሪያ ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ተነሥቶ ይቆማል። በዚያ ከፍታ ላይ ዝንባሌው፣ መንጠቆውና ማሰሪያው ይታያሉ፤ አንድ ነገር ቅር ካሰኘ ይወርዳል። ከሸክሙ ሥር ማንም አይገባም፤ ሸክሙንም በእጅ ሳይሆን ከጎኑ በታሰረ ረዘም ያለ ገመድ ነው ማዞር የሚገባው።

ክሬን በሌለበት ሦስት አጣና አስሮ ማንሻ ማበጀት ይፈቀዳል?

በገጠር የውኃ ጉድጓዶች ላይ ሦስት የባሕር ዛፍ አጣና ከላይ ታስሮ፣ ከመካከሉ የሰንሰለት ማንሻ ተንጠልጥሎ ማየት የተለመደ ነው። ቀላል የእጅ ፓምፕ ለማውጣት ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ለኢንዱስትሪ ፓምፕ ግን አይሆንም። አጣና የታወቀ የመሸከም ልክ የለውም፤ ቋጠሮው፣ ስንጥቁና ርጥበቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ ሲሰበርም እንደ ብረት ጎበጥ ብሎ አያስጠነቅቅም። ከሁሉ ይልቅ እግሮቹ ወደ ውጭ ይንሸራተታሉ፤ አጣናው ሳይሰበር ሸክሙ የሚወድቀው በዚህ ነው።

ባለ ሦስት እግር የብረት ማንሻ የመሸከም ልኩ ተጽፎበት ይገኛል፤ እግሮቹም ከሥር በሰንሰለት እርስ በርስ ይታሰራሉ። የሰንሰለት ማንሻው ልክም በመንጠቆው ወይም በአካሉ ላይ ተጽፏል። አፉ የተከፈተ መንጠቆ ወይም በቡሎን የተቀጠለ ሰንሰለት ካለ ዕቃው ከእንግዲህ ለዚህ ሥራ አይሆንም፣ ምንም ያህል ቢወደድ።

በክረምት ክሬን ይዞ መግባት ምን ችግር አለው?

የጎጃም ዋልካ መሬት ከሰኔ እስከ መስከረም ከላይ ደርቆ የታየበት ቀን እንኳ ከሥሩ ጭቃ ነው። የክሬኑ አንድ እግር ሁለት ጣት ያህል ቢሰምጥ የክንዱ ጫፍ በብዙ እጥፍ ይዘምማል። በእያንዳንዱ እግር ሥር ሰፊና ወፍራም ጣውላ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ የጉድጓድ አፍ፣ የተሞላ ቦይና የተቀበረ ቱቦ ካለበት ቦታ ይራቃል። ዝናብ ከጀመረ ሸክሙ ይወርድና ሥራው ይቆማል።

ቀና ብሎ መመልከትም አለ። ወደ ፓምፕ ጣቢያ የሚመጣው መስመር ብዙ ጊዜ 15 ወይም 33 ኪሎ ቮልት ሲሆን፣ ክንዱም የሚወጣው ቱቦም ከዚያ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ኤሌክትሪኩ ሳይነካም ዘሎ ሊመጣ ይችላል። ቦታው የማይበቃ ከሆነ መስመሩ በኤሌክትሪክ አገልግሎት እንዲቋረጥ መጠየቅ እንጂ «ተጠንቅቀን እንሠራለን» ማለት አያዋጣም።

ከጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ሲወጣ የሚለየው ምንድን ነው?

የሚነሣው ፓምፑ ብቻ አለመሆኑ ነው። ባለ 3 ኢንች የብረት ቱቦ በሜትር ከ8 ኪሎ ግራም በላይ፣ አንዱ ባለ 6 ሜትር ቱቦም 50 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 100 ሜትር ከሆነ ቱቦው ብቻ 850 ኪሎ ገደማ ነው። ቼክ ቫልቩ ውኃውን ይዞት ከቀረ ደግሞ ከጉድጓዱ የውኃ ወለል በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ይጨመራል። ፓምፑን ራሱን ብቻ አስበው የመጡ ሰዎች ማንሻቸው አልችል ሲል ተቀረቀረ ብለው ጉልበት ይጨምራሉ፤ ችግሩ ግን መቀርቀር ሳይሆን ክብደት ነው።

ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ሲፈቱ በጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንድ የብረት መያዣ ላይ ነው። መያዣው በቱቦው ልክ የተሠራ፣ ቡሎኖቹ የጠበቁ መሆን አለበት፤ አንድ መጠባበቂያ መያዣ ከሥሩ ቢታሰር ደግሞ ይመረጣል። እጅ በመያዣውና በጉድጓዱ አፍ መካከል አይገባም። ኤሌክትሪክ ገመዱን ይዞ ፓምፕ መሳብ በፍጹም አይደረግም።

በአይሱዙ ጭኖ ዓባይ በረሃን ለማለፍ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል?

ትልቅ ሞተር ለመጠምጠም ወደ አዲስ አበባ ሲላክ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ቁልቁለትና ዳገት ማለፍ አለ። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሸክሙ ወደ ሹፌሩ፣ ዳገቱ ላይ ወደ ኋላ መዝጊያው ይገፋል። ማሰሪያው ወደፊት የሸክሙን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ መቋቋም እንዳለበት አውሮፓውያን ያስቀመጡት ደንብ ጥሩ መለኪያ ነው። ብረት በብረት ወለል ላይ ይንሸራተታል፤ ከፓምፑ ሥር ጎማ ወይም ጣውላ ይነጠፍ፣ ከፊትና ከኋላ ግንድ ይቸንከር፣ ከዚያ በአራት አቅጣጫ በሰንሰለት ወይም በማጥበቂያ ቀበቶ ይታሰር። የሲባጎ ገመድ ለጤፍ ከረጢት እንጂ ለዚህ አይሆንም።

ማሰሪያው ከተነሡ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ፣ እንደገናም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ደጀን ላይ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ረዳትም የቀን ሠራተኛም ከፓምፑ ጋር ጭነቱ ላይ አይሳፈርም። ውኃው አስቀድሞ ይፈስሳል፤ ዘንጉም እንዳይንቀጠቀጥ ይታሰራል፣ መንገዱ ሙሉ በንቅናቄ የሚመታ ኩሽኔታ ሳይሠራ ስለሚበላሽ።

ፓምፑ ውኃውን አልስብ ሲል ሞተሩን ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ ለምን ይከለከላል?

ምክንያቱ ከመሬቱ ከፍታ ይጀምራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ውኃን ሊያነሣ የሚችለው በንድፈ ሐሳብ 8 ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ከ8 ሜትርም ያንሳል። በተግባር ደግሞ ከ5 እስከ 6 ሜትር ካለፈ ፓምፑ ይቸገራል። ውኃው በበጋ ሲርቅ ገበሬው የቤንዚን ሞተሩን በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓዱ ወለል ያወርደዋል። ሞተሩ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በደቂቃዎች ሰው ይጥላል። ሁለተኛው ሟች ብዙውን ጊዜ ሊያወጣው የገባው ወንድሙ ወይም ጎረቤቱ ነው።

መፍትሔው ወደ ውኃው ውስጥ የሚገባ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ከጉድጓድም ከተዘጋ ክፍልም ውጭ ይቀመጣል። ሰው ከወደቀ ከላይ ሆኖ በገመድ መሳብ እንጂ መግባት የለም፤ የሚወርድ ሁሉ ከመውረዱ በፊት ደረቱ ላይ ገመድ የሚታሰረውም ለዚህ ነው። የፍሳሽ ፓምፕ ጉድጓድም እንዲሁ ነው፦ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ መጠኑ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ስለሚያጠፋ ሽታው መጥፋቱ ጋዙ መጥፋቱን አያሳይም።

«ከተማው ውኃ የለውም፣ ቶሎ በሉ» ስንባል ምን እናድርግ?

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ሦስት ቀን ውኃ ያጣ ሕዝብ ፊት ቆሞ ጓጉንቸር መፈለግ ከባድ ነው። ሆኖም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና የመጠበቅና የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታን በአሠሪው ላይ ይጥላል፤ ሠራተኛውም የቀረበለትን እንዲጠቀም ያስገድዳል። በተግባር የሚረዳው ጊዜውን አስቀድሞ መናገር ነው። ቆልፎ፣ አፍስሶና ፈትሾ ለመጀመር የሚወስደው ጊዜ በኃላፊው ዕቅድ ውስጥ ከገባ በጥድፊያው ሰዓት አይቆረጥም።

ጥገናው ካለቀ በኋላ ሲነሣ የሚፈጠር አደጋ አለ?

አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ተፈትቶ ሲገጠም ሁለት ፌዞች ከተቀያየሩ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። ኢምፔለሩ በዘንጉ ላይ በጥርስ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ ወደ ኋላ ሲዞር ተፈትቶ የፓምፑን ሆድ ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ አቅጣጫው የሚፈተሸው ኮፕሊንጉ ሳይያያዝ ነው። ቼክ ቫልቭ በሌለው ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ ፓምፑ ሲቆም የሚመለሰው ውኃ ዘንጉን ወደ ኋላ ያዞረዋል፤ በዚያ ቅጽበት ማስነሣት ዘንጉን ይሰብራል፣ ቱቦው ባዶ እስኪሆን መጠበቅ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው ለጥገና የተዘጉት ሁለቱም ቫልቮች ሳይከፈቱ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ውኃው የትም አይሄድም፤ የሞተሩ ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በፓምፑ ሆድ የተዘጋው ውኃ እየጋለ እንፋሎት ይሆናል፤ የብረቱ አካል ግፊቱን መያዝ ሲያቅተው ይፈነዳል፣ ስብርባሪውም ሰው ይገድላል። ፓምፑ ድምፅ አልባና የተረጋጋ ስለሚመስል አጠገቡ የቆመው ሰው ብዙ ጊዜ አይጠረጥርም። ሆዱ ሲነካ ከጋለ ቫልቭ ለመክፈት አይሮጥም፤ ኤሌክትሪኩ ከሩቅ ካለው ዋና ማብሪያ ይቋረጣል፣ ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝም ማንም አይጠጋውም።